ከቤዝቦል ተቀያሪ ወርዋሪዎች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? ክርክሩስ ለምን አያልቅም?

በጁላይ 2025 ቢሊ ዋግነር የተባለ ግራኝ ወርዋሪ ኒውዮርክ ግዛት፣ ኩፐርስታውን ውስጥ ወደሚገኘው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ገባ። ለአሥር ዓመት ድምፅ ሲሰጥበት ቆይቶ ያለፈው በመጨረሻው ዕድሉ ነው። አዳራሹ ከ300 በላይ ሰዎችን የያዘ ቢሆንም፣ በዋናነት በተቀያሪ ወርዋሪነታቸው የገቡት ዋግነርን ጨምሮ 9 ብቻ ናቸው። ዋግነር ሲገባ አንድ የቆየ ጥያቄ አብሮት ተነሣ፦ ከእነዚህ መካከል ቁንጮው ማን ነው? አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ይህን ሙግት ከሥራ ባልደረቦቹ ወይም ቤዝቦል ከሚወዱ ልጆቹ ሳይሰማ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚጠራው መልስ ማሪያኖ ሪቬራ ነው። መልሱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚቀርብለት ማስረጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተው ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተቀያሪ ወርዋሪ ሥራው ምንድን ነው?

የቤዝቦል ጨዋታ በ9 ኢኒንግ ይከፈላል። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱ ቡድኖች በየተራ ይመታሉ፤ የአንዱ ተራ የሚያበቃው ሦስት መቺዎቹ ከጨዋታ ሲወጡበት ነው። ይህ መውጣት «አውት» ይባላል። ወርዋሪው ከመቺው 18 ሜትር ያህል ርቆ ከፍ ባለች የአፈር ጉብታ ላይ ይቆማል። ሥራው መቺው ኳሷን እንዲስታት፣ ካልሆነም ሜዳ ላይ ላሉት ጓደኞቹ በቀላሉ እንድትያዝ አድርጎ እንዲመታት ማስገደድ ነው። መቺው ሦስቱንም ዕድሉን አባክኖ ሲወጣ ደግሞ ስትራይክ አውት ይባላል፤ ለወርዋሪ ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር የለም።

ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ መቶ ያህል ኳስ ከወረወረ በኋላ ክንዱ ይዝላል። መቺዎቹም ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሲገጥሙት አወራወሩን እየለመዱት ይመጣሉ። ያን ጊዜ አሠልጣኙ ይቀይረዋል፤ አንዴ የወጣ ተጫዋች ደግሞ በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። ተቀያሪዎቹ ከሜዳው ዳር ቡልፔን በሚባለው ቦታ እየተሟሟቁ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከእነሱ መካከል ቡድኑ እየመራ ሳለ የመጨረሻውን ኢኒንግ እንዲዘጋ የሚላከው ክሎዘር ይባላል።

ለሩጫ ወዳድ አንባቢ እንዲህ ማለት ይቻላል። በአሥር ሺህ ሜትር ውድድር 24 ዙር የሮጠው ሰው እንዲወጣ ተደርጎ የመጨረሻውን ዙር ጭራሽ ያልደከመ ሌላ ሯጭ ቢሮጠው እንደማለት ነው። የዚህ ሰው ፍጥነት የሚያስደንቅ መሆኑ አያከራክርም። ሙሉውን ርቀት ከሮጠው ጋር እንዴት ይወዳደራል የሚለው ግን ያከራክራል። ሦስት ዙር ሲቀር ከገባ ሌላ ተቀያሪ ጋርስ?

«ሴቭ» የሚባለው ቁጥር ምን ይነግረናል?

የክርክሩ ግማሽ ያህሉ የሚመነጨው ከዚህ ቁጥር ነው። በ1959 ኤልሮይ ፌስ የተባለ የፒትስበርግ ተቀያሪ 18 አሸንፎ 1 ብቻ ተሸነፈ ተብሎ ተወደሰ። ጄሮም ሆልትስማን የተባለ የቺካጎ የስፖርት ጋዜጠኛ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም፤ ፌስ አንዳንዱን ድል ያገኘው የተረከበውን መሪነት ራሱ አስነጥቆ ጓደኞቹ መልሰው ስለደረሱለት ነበር። ሆልትስማን የተቀያሪን ሥራ በትክክል ይለካል ያለውን አዲስ ቆጠራ አመጣ፤ ቆጠራው በ1969 ይፋዊ ሆነ።

ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው። ቡድኑ ያሸነፈበትን ጨዋታ የሚጨርሰው ተቀያሪ ቡድኑ ከሦስት በማይበልጥ የነጥብ ልዩነት እየመራ ሳለ ገብቶ አንድ ኢኒንግ ከወረወረ ሴቭ ይመዘገብለታል። ተጋጣሚ በአንድ ወይም በሁለት ምት አቻ ሊሆን በሚችልበት አፍታ ገብቶ ቢዘጋም ያገኘዋል። ልዩነቱ የፈለገውን ያህል ቢሰፋም የመጨረሻዎቹን ሦስት ኢኒንጎች በሚገባ ከወረወረ እንዲሁ።

የዚህ የመጨረሻው አንቀጽ ነገር አስቂኝ መልክ የያዘው በኦገስት 2007 ነው። ቴክሳስ ባልቲሞርን 30 ለ 3 አሸነፈ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት ኢኒንጎች የወረወረው ዌስ ሊትልተንም ሴቭ ተመዘገበለት። በ27 ነጥብ ልዩነት ከምን እንዳዳነ የሚያውቅ የለም።

ከቀልዱ ባሻገር ያለው ችግር ይበልጣል። ከስምንት ኢኒንግ በኋላ የሚመራ ቡድን በመቶ ጨዋታ 95 ያህሉን ያሸንፋል። ይህ ድርሻ ክሎዘር የሚባል የተለየ ሰው ባልነበረበት ዘመንም ሆነ ለእሱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር በሚከፈልበት በዛሬው ዘመን እምብዛም አልተለወጠም። የሦስት ነጥብ ብልጫ ይዞ ዘጠነኛውን ኢኒንግ መዝጋት ብዙ መካከለኛ ወርዋሪዎች የሚወጡት ሥራ ነው። ስለዚህ የሴቭ ብዛት በዋናነት የሚናገረው አሠልጣኙ ሥራውን ለማን እንደሰጠና ቡድኑ ስንት ጊዜ በጠባብ ልዩነት እንደመራ ነው።

ቁጥሩ አሠልጣኝን እንዴት እንደሚያስር በኦክቶበር 4 ቀን 2016 ቶሮንቶ ላይ ታይቷል። የባልቲሞሩ ዛክ ብሪተን በዚያ ዓመት ከገጠሙት 47 የሴቭ ዕድሎች አንዱንም አላበላሸም። የሚሸነፈው ቡድን ወደ ቤቱ በሚሸኝበት በዚያ ጨዋታ ውጤቱ 2 ለ 2 ሆኖ ወደ ተጨማሪ ኢኒንግ ገባ። በእንግድነት የሚጫወተው አሠልጣኝ በክ ሾውዋልተር ብሪተንን ቡድኑ መምራት ለሚጀምርበት ሰዓት አቆየው፤ ሴቭ የሚመዘገበው ያን ጊዜ ነውና። ሌሎች ተቀያሪዎች ተራ በተራ ገቡ። በ11ኛው ኢኒንግ ኡባልዶ ሂሜኔዝ የወረወራትን ኳስ ኤድዊን ኤንካርናሲዮን ከሜዳ ውጭ ሰደዳት፤ ሦስት ነጥብ። ባልቲሞር 5 ለ 2 ተሸነፈ። የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ ያን ምሽት አንድም ኳስ ሳይወረውር ተመለሰ።

ታዲያ በምን እንለካቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ ኢአርኤ ነው፦ በወርዋሪው ላይ በ9 ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚቆጠርበት ያሳያል። የጓደኞቹ ስሕተት የፈጠረው ነጥብ አይቆጠርበትም። ሲያንስ ይሻላል። ነገር ግን ነጥብ የሚበዛበት ዘመንና የሚያንስበት ዘመን አለ፤ ሜዳውም ይለያያል። ስለዚህ ይህንን ከዘመኑና ከሜዳው ጋር አመዛዝኖ የሚያስቀምጥ ሌላ ቁጥር ተፈጠረ። 100 መካከለኛ ነው፤ ከፍ ሲል ይሻላል። ከዝና አዳራሹ ተቀያሪዎች መካከል በዚህ ስሌት የሆይት ዊልሄልም 147፣ የትሬቨር ሆፍማን 141፣ የሪች ጎሴጅ 126 ነው። የዋግነር 187 ይደርሳል። የሪቬራ 205 ነው፤ ቢያንስ 1,000 ኢኒንግ ከወረወሩ ሰዎች መካከል ጀማሪም ሆነ ተቀያሪ የሚደርስበት የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ኢኒንጎቹ ምን ያህል ከባድ ነበሩ የሚለው ነው። 9 ለ 1 በሚመራ ጨዋታ ላይ አንድ አውት ማግኘትና በአንድ ነጥብ ልዩነት፣ ሁለት ተጋጣሚዎች ቤዝ (መቺ ነጥብ ለማስቆጠር የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ላይ ቆመው ሳለ አንድ አውት ማግኘት ክብደታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ስሌት ዐዋቂዎች ለእያንዳንዱ አፍታ ይህን ክብደት ያሰላሉ። ሦስተኛው የሥራው ብዛት ነው። የወርዋሪውን ጠቅላላ አስተዋጽኦ ተራ ተተኪ ከሚያበረክተው በላይ በስንት ድል እንደበለጠ አድርጎ የሚቆጥር ስሌት አለ፤ በታወቀው አቆጣጠር ሪቬራ ወደ 56፣ ጎሴጅ ወደ 41፣ ሆፍማን ወደ 28 ያገኛሉ። በሴቭ ብዛት ሪቬራና ሆፍማን ጎረቤታሞች ናቸው፤ 652 እና 601። የገጠማቸውን ዕድል በመዝጋትም 89 በመቶ አካባቢ ላይ ትከሻ ለትከሻ ናቸው። በዚህኛው ስሌት ግን አንዱ የሌላው እጥፍ ነው። ሴቭ የሚደብቀውን ለማየት ይህ ብቻ ይበቃል።

ሪቬራን ከሌሎች የሚለየው ምንድን ነው?

ሪቬራ ፓናማ ውስጥ፣ ፖርቶ ካይሚቶ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ያደገ የጀልባ ካፒቴን ልጅ ነው። የኒውዮርክ ያንኪስ ያስፈረመው በ1990 ሲሆን በ1995 በጀማሪ ወርዋሪነት ተሞክሮ አልሆነለትም፤ የዚያ ዓመት ኢአርኤው 5.51 ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ጆን ዌትላንድ ከሚባለው ክሎዘር ፊት፣ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ኢኒንግ እንዲወረውር ተመደበ። ከ107 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ 130 መቺዎችን በስትራይክ አውት አስወጣ፤ በዓመት ሙሉ የተመታበት ሆም ረን፣ ማለትም ከሜዳው አጥር በላይ የተሰደደ ኳስ፣ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ያገኘው ሴቭ ስንት ነው? 5። በእኔ ግምት ከ19 ዓመታቱ ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ የሥራው ማኅተም ተደርጎ በሚጠቀሰው ቁጥር ውስጥ ግን የለም ለማለት ይቀላል።

ክሎዘር የሆነው በ1997 ነው። በዚያው ዓመት ከቡድን ጓደኛው ከራሚሮ ሜንዶሳ ጋር ኳስ እየተቀባበለ ሳለ፣ ሳያስበው ኳሷ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ጎን ሸርተት ማለት ጀመረች። ይህ አወራወር ከተር ይባላል። ፈጣንና ቀጥ ያለች መስላ ትመጣና ግራኝ መቺ ዱላውን ሲሰነዝር ወደ እጁ ትጠጋለች፤ ኳሷን የሚያገኛት በዱላው ወፍራም ጫፍ ሳይሆን በቀጭኑ እጀታ በኩል ስለሆነ ዱላው ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ሪቬራ የኖረው በአመዛኙ በዚህች አንዲት አወራወር ነው። መቺዎቹ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ማወቃቸው ግን አልጠቀማቸውም። በ2013 ጡረታ ሊወጣ ሲል የሚኒሶታ ቡድን የሰጠው የስንብት ስጦታ ከተሰበሩ ዱላዎች የተሠራ ተወዛዋዥ ወንበር ነበር።

ወሳኙ ማስረጃ ግን ኦክቶበር ነው፤ ምርጥ ቡድኖች ብቻ ቀርተው ለዋንጫ የሚፋለሙበት ወር። ሪቬራ በእነዚህ ጨዋታዎች 96 ጊዜ ገብቶ 141 ኢኒንግ ወረወረ። ኢአርኤው 0.70 ነው፤ በእሱ ጥፋት የገባው ነጥብ 11 ብቻ ነው። ጨረቃ ላይ የረገጡ ሰዎች 12 ናቸውና አሜሪካውያን ይህን እያነጻጸሩ መሳቅ ይወዳሉ። ኢኒንጎቹን ለጨዋታዎቹ ብናካፍል ደግሞ በአማካይ ወደ አንድ ተኩል ይመጣል። የአንድ ኢኒንግ ሰው ነው የሚለው ወቀሳ ጨዋታው ሲከብድ አይሠራም ማለት ነው።

በ2003 በአሜሪካን ሊግ የፍጻሜ ፍልሚያ ከቦስተን ጋር የተደረገው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ውጤቱ 5 ለ 5 ነው፤ ያንኪስ በሜዳቸው ስለሚጫወቱ የሚመቱት በሁለተኛ ተራ ነው፤ መሪነት እንዳገኙ ጨዋታው ስለሚያበቃ ከዚህ በኋላ ሴቭ የሚባል ነገር ለእነሱ የለም። አሠልጣኙ ጆ ቶሪ ሪቬራን በዘጠነኛው ኢኒንግ አስገባው፤ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን፣ አሥራ አንደኛውን ያለ ነጥብ ዘጋ። ከዚያ የያንኪሱ አሮን ቡን ሆም ረን መታ። ሌሎቹ ቡንን ለማቀፍ ሲሮጡ ሪቬራ ወደ ወርዋሪው ጉብታ ሄዶ አፈሩ ላይ ተደፋ። ቶሮንቶ ላይ ብሪተን ከተቀመጠበት ሁኔታ ጋር ሲተያይ፣ ልዩነቱ ያለው ሁለቱ አሠልጣኞች ለሴቭ በሰጡት ዋጋ ላይ ነው።

አልተሸነፈም ማለት ግን አይደለም። በ2001 የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታ አሪዞና በዘጠነኛው ኢኒንግ መሪነቱን ነጥቃው ዋንጫውን ወሰደች። በ2004ም ቦስተን ከመውጣት አፋፍ የተመለሰችው እሱ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ያም ሆኖ በ2019 ለዝና አዳራሽ ድምፅ የሰጡት 425 ጋዜጠኞች ሁሉ ስሙን ጻፉ። ከእሱ በፊት አንድም ድምፅ ሳይጎድልበት የገባ ተጫዋች አልነበረም።

የቀደሙት ወርዋሪዎች ቅሬታ ተገቢ ነው?

አዎ፣ ትልቅ ክፍሉ ተገቢ ነው። ጎሴጅ የዛሬ ክሎዘሮች ሥራ ቀላል ነው እያለ በአደባባይ ሲያማርር ኖሯል። ሰውየው ቁጡ ነው፤ ነገር ግን የሚለው ነገር መሠረት አለው። በ1975 በተቀያሪነት ብቻ ከ141 ኢኒንግ በላይ ወርውሯል፤ ሪቬራ ክሎዘር ከሆነ በኋላ በአንድ ዓመት ከ81 ኢኒንግ አልፎ አያውቅም። ጎሴጅ በሰባተኛው ኢኒንግ፣ ተጋጣሚዎች ቤዝ ላይ ሳሉ፣ እሳት ሊያጠፋ ይገባና እስከ መጨረሻው ይቆይ ነበር። በ1978 ያንኪስና ቦስተን ነጥባቸው እኩል ሆኖ በአንድ ጨዋታ ሲለያዩ የመጨረሻዎቹን 8 አውቶች ያገኘው እሱ ነው። የሎስ አንጀለሱ ማይክ ማርሻል ደግሞ በ1974 በ106 ጨዋታ ገብቶ 208 ኢኒንግ ወረወረ፤ ለዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ተቀያሪም ሆነ። ዛሬ ይህን ያህል የሚወረውሩ ጀማሪዎች እንኳ ጥቂት ናቸው።

ከቀደሙት ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን ዊልሄልም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ሲሆን በትልቁ ሊግ የጀመረው በ29 ዓመቱ፣ በ1952 ነው። ያቆመው 50 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። የሚወረውረው ናክል ቦል የተባለ፣ ሳይሽከረከር እየተንቀዋለለ የሚሄድ ቀርፋፋ ኳስ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ መቺውም፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው የገዛ ጓደኛውም አያውቅም። በ1960 የባልቲሞሩ አሠልጣኝ ፖል ሪቻርድስ ለተቀባዩ ከተለመደው እጅግ የሚሰፋ ጓንት እስከማሠራት ደርሷል። ዊልሄልም 1,070 ጨዋታ፣ ከ2,250 በላይ ኢኒንግ፣ 2.52 ኢአርኤ አለው። በ1985 የዝና አዳራሹን በር ለተቀያሪዎች የከፈተውም እሱ ነው።

ብዛትን የሚያስቀድም ሰው ዊልሄልምን ቢመርጥ አልስቅበትም። ነገር ግን ብዙ መወርወርና በከባድ አፍታ ብዙ መወርወር አንድ አይደሉም፤ የዊልሄልም ኢኒንጎች የተወሰኑት በጀማሪነት የተወረወሩ ናቸው፣ ከተቀሩትም ውስጥ ቀላሎቹ ብዙ ናቸው። ሪቬራ የወረወረው ከዚያ እጅግ ያነሰ ቢሆንም በጠቅላላ አስተዋጽኦ ስሌት ከዊልሄልምም ከጎሴጅም በላይ ነው።

ኤከርስሊ፣ ሆፍማንና ሌሎቹስ?

ዴኒስ ኤከርስሊ ለታሪኩ ወሳኝ ነው፤ ለቁንጮነቱ ግን ዘመኑ አጠረበት። ግማሽ ዕድሜውን ጀማሪ ሆኖ ከኖረ በኋላ በ1987 ኦክላንድ ገባ። አሠልጣኙ ቶኒ ላ ሩሳ ለዘጠነኛው ኢኒንግ ብቻ አስቀመጠው፤ ዛሬ ሁሉም የሚከተለው አሠራር የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1990 ለ73 ስትራይክ አውት በነጻ ወደ ቤዝ ያሳለፋቸው መቺዎች 4 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ዓመት ሪቬራም የለውም። ሮሊ ፊንገርስ ከ1972 እስከ 1974 ኦክላንድ ሦስት ተከታታይ ዋንጫ ስትወስድ የማይታለፍ ሰው ነበር። ኤሪክ ጋኜ ከ2002 እስከ 2004 በተከታታይ 84 ሴቭ ዘጋ፤ ከዚያ ጉዳት አደቀቀው።

ዋግነር በልጅነቱ ቀኝ እጁ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ በግራው መወርወር የለመደ ሰው ነው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ጥራት ከተለካ ለሪቬራ የሚቀርበው እሱ ነው፤ በ9 ኢኒንግ በአማካይ 12 ያህል ስትራይክ አውት ነበረው። በኦክቶበር የወረወራቸው ጥቂት ኢኒንጎች ግን አይነሡበት፤ ኢአርኤው ከ10 በላይ ነው። እኔ ሁለተኛውን ቦታ ለጎሴጅ እሰጣለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ከአንባቢ ጋር ብጣላ ቅር አይለኝም።

ክብረ ወሰኑ ይሰበር ይሆን?

ቡድኖች ትምህርቱን እየቀሰሙ ነው። በ2016 ክሊቭላንድ አንድሩ ሚለርን በኦክቶበር ጨዋታዎች በአምስተኛውና በስድስተኛው ኢኒንግ ጭምር ታስገባው ነበር፤ ጨዋታው የሚንገዳገደው እዚያ ከሆነ ምርጡ ሰው የሚያስፈልገው እዚያ ነው በሚል። ሚለር የአሜሪካን ሊግ የፍጻሜ ፍልሚያ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ዛሬ ብዙ አሠልጣኞች ዘጠነኛውን ኢኒንግ ለሁለትና ለሦስት ሰው ያካፍላሉ። ሴቭም አብሮ ይከፋፈላል። ይህ በቀጠለ ቁጥር የሚመጣው ምርጥ ተቀያሪ ብዙ ሴቭ ላይኖረው ይችላል፤ የሪቬራ 652ም ሥራው ራሱ ስለተለወጠ ሳይነካ ሳይቆይ አይቀርም። አሁን ከሚጫወቱት መካከል ብዙ ሴቭ ያለው የኩራሳዎ ተወላጁ ኬንሊ ጃንሰን ነው። በ2025 መገባደጃ 38 ዓመት ሲሞላው 470ን አልፎ ነበር፤ ሪቬራ ላይ ለመድረስ ግን ገና ከ170 በላይ ይቀረው ነበር።